ከአሥር ምክር ሰባቱን መቀበል ምን ማለት ነው? የመንግሥታት የእርስ በርስ የሰብአዊ መብት ግምገማ ከውስጥ ሲታይ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2025 ዩናይትድ ስቴትስ ጄኔቫ ላይ በሰብአዊ መብት አያያዟ በሌሎች መንግሥታት ልትገመገም ቀጠሮ ነበራት። ልዑኳ አልተገኘም። መቅረቷ ድንገተኛ አልነበረም፤ እንደማትሳተፍ ቀደም ብላ በኦገስት አስታውቃለች። የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤቱም ማዘኑን ገልጾ፣ እንድትተባበር ጠይቆ ቀጠሮውን ወደ 2026 አሸጋገረው።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2024፣ በዚያው መድረክ የተገመገመችው ኢትዮጵያ ነበረች። ያን ሰሞን በአማርኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት የማይታረቁ ወሬዎች ጎን ለጎን ተዘዋወሩ፦ ኢትዮጵያ በተመድ ተመሰገነች፤ ኢትዮጵያ በተመድ ተወገዘች። ሁለቱም ከአንድ ስብሰባ የተቀነጨቡ ናቸው፤ የሳቱትም ነገር አንድ ነው። በዚያ መድረክ የሚያመሰግኑትም የሚወቅሱትም በየተራ ማይክሮፎን የሚሰጣቸው መንግሥታት ናቸው። ተመድ እንደ ተቋም አዳራሹን፣ ሰነዱንና ሰዓት ቆጣሪውን ያቀርባል።

ከግምገማ በኋላ ደግሞ ሌላ ውዥንብር ይከተላል፤ መንግሥት ከቀረቡለት ምክረ ሐሳቦች ይህን ያህሉን ተቀብያለሁ ብሎ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም እንደ ፈተና ውጤት ይነበባል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ያ ቁጥር ስለ አገሩ ሁኔታ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ምክረ ሐሳቡ ምን እንዲደረግ እንደጠየቀና መንግሥት ያልተቀበለው የትኛውን እንደሆነ ላይ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌው ኮሚሽን ለምን ፈረሰ

ግምገማው በአማርኛ ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ይባላል፤ በዲፕሎማቶችና በመብት ድርጅቶች ዘንድ ዩፒአር በሚለው ምሕጻረ ቃል ይታወቃል። 193ቱም የተመድ አባል አገሮች ያለ ልዩነት ይቀርቡበታል፤ ተራው ተመልሶ የሚመጣውም በየአራት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ነው።

የተወለደው ከሐፍረት ነው ማለት ይቻላል። ከ1946 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጨረሻ ዓመታቱ ተዓማኒነቱ ተሟጦ ነበር። በ2003 የሙአመር ጋዳፊዋ ሊቢያ ሊቀመንበር ሆነች፤ በቀጣዩ ዓመት ዳርፉር እየነደደች ሱዳን በአባልነት ተመረጠች። ኮሚሽኑ የሚወቀሰው ከሁለት አቅጣጫ ነበር። ምዕራባውያን ራሳቸው የሚከሰሱ መንግሥታት ከለላ ፍለጋ ይገቡበታል ይሉ ነበር፤ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ደግሞ ወዳጅ የሌለው ትንሽ አገር ሲወገዝ ኃያሉ ያመልጣል ይሉ ነበር። ሁለቱም ወቀሳዎች እውነት ነበሩ።

የተመድ ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን በ2005 ኮሚሽኑ በሌላ አካል እንዲተካ ሲጠይቁ ካቀረቧቸው ሐሳቦች አንዱ እያንዳንዱ አገር በእኩዮቹ ይገምገም የሚል ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ማርች 15 ቀን 2006 በውሳኔ ቁጥር 60/251 ኮሚሽኑን 47 አባላት ባሉት ምክር ቤት ተካው። 170 አገሮች ደገፉት፤ ከተቃወሙት አራት አገሮች መካከል ዩናይትድ ስቴትስና እስራኤል ነበሩ። ከዓመታት በኋላ በግምገማ ቀጠሯቸው ሳይገኙ የቀሩት እነዚሁ ሁለቱ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የአሠራሩ ዝርዝር በጁን 2007 ጸደቀ፤ የመጀመሪያው ግምገማ በኤፕሪል 2008 ሲጀመር በመጀመሪያ የቀረበችው አገር ባሕሬን ነበረች።

ሦስት ሰዓት ተኩል

አንድ አገር የሚገመገመው በሦስት ሰነዶች ላይ ተመሥርቶ ነው። የመጀመሪያውን መንግሥት ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራውን የሚያስተባብረው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ሁለተኛው የተመድ አካላትና ባለሙያዎች ስለዚያ አገር የጻፉት ተጠናቅሮ የሚቀርብበት ነው። ሦስተኛው ከሲቪል ማኅበራትና እንደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ካሉ ብሔራዊ ተቋማት የተላኩ ጽሑፎች ጭማቂ ነው። ብዙ አንባቢ የሚያውቀው የመንግሥትን ሪፖርት ብቻ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ግን ከአዳራሹ ንግግር ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል፤ አንዱ በአንድ አንቀጽ ያለፈውን ጉዳይ ሌላው ገጽ ሙሉ ሲጽፍበት ይታያል።

ውይይቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 70 ደቂቃው ለተገምጋሚው አገር፣ ቀሪው 140 ደቂቃ ለጠያቂዎቹ ነው። ለመናገር የምክር ቤቱ አባል መሆን አያስፈልግም፤ ማንኛውም የተመድ አባል አገር ተመዝግቦ ጥያቄና ምክረ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ሲቪል ማኅበራት ግን በዚህ ውይይት ላይ አፋቸውን አይከፍቱም። ድምፃቸው የሚሰማው ከወራት በኋላ ውጤቱ በምክር ቤቱ ሲጸድቅ ሲሆን ለዚያ የተመደበው ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ትሮይካ የሚባሉ፣ በዕጣ የሚመረጡ የሦስት አገሮች ተወካዮች ሂደቱን ያግዛሉ፤ ሪፖርቱን በማዘጋጀት ይረዳሉ እንጂ ፍርድ አይሰጡም።

የሰዓት ክፍፍሉ የቢሮ ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ ፖለቲካው ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተናጋሪዎች ዝርዝር የሚያዘው ቀድሞ ለተመዘገበ ነበር። በ2008 የቤን አሊዋ ቱኒዝያ ስትገመገም ወዳጆቿ ዝርዝሩን ቀድመው ሞሉት፤ ሰዓቱም በአብዛኛው በምስጋና አለቀ። ከሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያ መንግሥት በሕዝብ አመፅ ወደቀ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ደንቡ ተቀይሮ ሰዓቱ ለተመዘገቡት ሁሉ እኩል እንዲከፋፈል ተደረገ። ይህም የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ በጃንዋሪ 2024 ቻይና ስትገመገም ከ160 በላይ አገሮች ስለተመዘገቡ ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው 45 ሴኮንድ ነበር። በ45 ሴኮንድ ውስጥ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አመስግኖ፣ ሁለት ምክር አቅርቦ መጨረስ ያስፈልጋል። ምስጋናው ብቻ ተቆርጦ ዜና የሚሆነው እንዲህ ካለው ንግግር ነው።

ግሡን ማንበብ

ውይይቱ ሲያልቅ የምክረ ሐሳቦች ዝርዝር ይወጣል። ተገምጋሚው መንግሥት እያንዳንዱን አይቶ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ይቀበለዋል፣ ወይ በማስታወሻ ይይዘዋል። በማስታወሻ መያዝ ማለት ሰምቻለሁ፣ ለመፈጸም ግን ቃል አልገባም እንደማለት ነው። ውድቅ አድርጌአለሁ የሚል ይፋዊ ምድብ የለም፤ ይህ የዲፕሎማሲ ጨዋነት ነው፤ ውጤቱን ግን ማድበስበሱ አልቀረም።

የምክረ ሐሳቦቹ ክብደት እጅግ ይለያያል። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ኤድዋርድ ማክማሆን በሚጠይቁት ተግባር መጠን አምስት ደረጃ አውጥተውላቸዋል፤ ጄኔቫ የሚገኘው ዩፒአር ኢንፎ የተባለ ድርጅትም ይህንኑ ለመረጃ ቋቱ ይጠቀምበታል። ዝቅተኛው ደረጃ ልምድ አካፍሉ ወይም ድጋፍ ጠይቁ የሚል ነው። ሁለተኛው የጀመራችሁትን ቀጥሉ ይላል፤ ሦስተኛው አንድን ጉዳይ አጢኑ ይላል። አራተኛው አጠናክሩ፣ አሻሽሉ፣ እርምጃ ውሰዱ የሚሉ አጠቃላይ ግሦችን የያዘ ነው። አምስተኛው ብቻ ነው ይህን ስምምነት አጽድቁ፣ ያን አንቀጽ ሰርዙ፣ እነዚህን እስረኞች ፍቱ የሚለው።

ለመንግሥት ቀጥሉ የሚለውን መቀበል ምንም አያስከፍለውም፤ እየሠራሁ ነው ብሎ ባለበት መቆም ይችላል። ከአራት ዓመት በኋላም አለመፈጸሙን ማንም ማሳየት አይችልም፤ ምክንያቱም የሚለካ ነገር አልተጠየቀም። አምስተኛው ደረጃ ግን ሲቆጠር ይታያል፤ ስምምነቱ ጸድቋል ወይም አልጸደቀም። ስለዚህ በየአገሩ በማስታወሻ የሚያዘው ከሌሎቹ ይልቅ ይህ ዓይነቱ መሆኑ አያስገርምም። ወዳጅ አገር በለስላሳ ግሥ ይመክራል፣ ተቺ አገር በጠንካራው፤ የተቀባይነት መቶኛውን ከፍ የሚያደርገው በአብዛኛው የወዳጆች ቁጥር ነው።

የሲቪል ማኅበራት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከግምገማው በፊት በየኤምባሲው እየዞሩ ምክረ ሐሳቡ በአምስተኛው ደረጃ ግሥ እንዲጻፍ ይወተውታሉ። ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው፤ የአዳራሹ ቀን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ሦስት ዙር፣ አንድ መቶኛ

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አገሪቱ መጀመሪያ በዲሴምበር 2009 ስትገመገም 142 ምክረ ሐሳቦች ቀርበውላት 98ቱን ተቀበለች። በሜይ 2014 ከ252ቱ 188ቱን፣ በሜይ 2019 ደግሞ ከ327ቱ 231ዱን። በመቶኛ ሲሰላ 69፣ 75 እና 71 አካባቢ ይመጣል።

እነዚህ ሦስት ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ምን እንደነበሩ ያስታውሷል። በ2009 መጀመሪያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በክረምቱ ደግሞ የፀረ ሽብር አዋጅ ወጥቶ የፖለቲካው ምኅዳር በግልጽ መጥበብ ጀምሮ ነበር። በ2014 ግምገማው ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ታስረዋል። በ2019 ግን እስረኞች ተፈትተው፣ ስደት ላይ የነበሩ ፓርቲዎች ገብተው፣ አፋኝ የተባሉ ሕጎች እየተሻሩ ነበር። ከ2014 ወደ 2019 አገሪቱ ያን ያህል ተለውጣ መቶኛው እንዲያውም በትንሹ ዝቅ ብሏል። የሰብአዊ መብት ሁኔታን የሚለካ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም።

ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ግን ሌላ ሥዕል ይወጣል። የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2009 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር። በ2009ም በ2014ም በርካታ አገሮች ሕጉ እንዲሻሻል መክረዋል፤ መንግሥት በሁለቱም ጊዜ አልተቀበለም። የፀረ ሽብር አዋጁ ቁጥር 652/2009 ላይ የቀረበው ምክርም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር። ከዚያ በ2019 የመጀመሪያው በአዋጅ 1113/2019፣ በ2020 ሁለተኛው በአዋጅ 1176/2020 ተተካ።

ሁለቱን ሕጎች ያስቀየረው ጄኔቫ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ያስቀየራቸው ከ2015 ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች የተቀጣጠለው ተቃውሞ፣ እሱን ተከትሎ በገዥው ግንባር ውስጥ የመጣው የሥልጣን ሽግሽግና የ2018ቱ ለውጥ ነው። ሆኖም ዓመት ቆጥሮ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ለውጡ ሲመጣ መጀመሪያ ከተነኩት ሕጎች መካከል ለአሥር ዓመት በማስታወሻ ተይዘው የኖሩት ነበሩ። የመንግሥት እምቢታ ዝርዝር ፖለቲካው የተቋጠረበትን ቦታ ያሳያል፤ በዚህ ረገድ ከይሁንታው ዝርዝር ይልቅ ታማኝ ሰነድ ነው።

በማስታወሻ የተያዘ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ከወንጀልነት አውጡ የሚለው ምክር በየዙሩ ይቀርባል፤ በየዙሩም አይወሰድም። እዚህ ላይ መንግሥትና አብዛኛው ሕዝብ፣ የሃይማኖት ተቋማትም ጭምር በአንድ ወገን ስለሚቆሙ በቅርብ ይለወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። የሞት ቅጣት ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ይፈቅደዋል፤ ፍርድ ቤቶችም ይፈርዳሉ፤ ነገር ግን ከ2007 ወዲህ የተፈጸመ ፍርድ የለም። መንግሥት በተግባር የተወውን ነገር በሕግ እንዲሰርዝ ሲጠየቅ እምቢ ማለቱ አቋም ነው ወይስ ልማድ? ተመካሪውን አገር አጥብቆ መጠየቅ የሚያዋጣው እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ ይመስላል።

ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሳምንት

የ2024ቱ ግምገማ ከበድ ያለ አጀንዳ ነበረው። የትግራይ ጦርነት በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም የተጠያቂነት ጥያቄው አልተዘጋም። በአማራ ክልል ግጭቱ ቀጥሏል፤ በኦገስት 2023 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ጁን 2024 ዘልቋል። መንግሥት በበኩሉ በኤፕሪል 2024 የጸደቀውን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ይዞ ቀርቧል። ከግምገማው አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ኢትዮጵያ ለ2025–2027 የምክር ቤቱ አባል ሆና ተመርጣ ነበር፤ ገምጋሚውን ቤት ለመቀላቀል የተመረጠች አገር ተገምጋሚ ሆና ቀረበች ማለት ነው። ይህ ሕግ አይጥስም፤ አባላትም ይገመገማሉ።

ግምገማው በተካሄደበት ወር አዲስ አበባ ላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በመብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን ማገድ ጀመረ፤ በዲሴምበር እገዳው በ1991 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ላይም ደረሰ። እገዳዎቹ በኋላ ተነሥተዋል። ትዝታ ያለው ሰው ግን ወደ 2009 ይመለሳል፤ ያኔም ግምገማው በተካሄደበት በዲሴምበር የኢሰመጉና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቦች ታግደው ነበር። አንዱ ክስተት ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። በ15 ዓመት ልዩነት የታየው ይህ ግጥምጥሞሽ የሚያሳየው፣ ጄኔቫ ላይ መገምገም አገር ቤት ውስጥ ለጥንቃቄ የሚያስገድድ ዋጋ እንደሌለው ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል?

ተቺዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ቅጣት የለም፤ ማስፈጸሚያ የለም፤ አንዱ አምባገነን ሌላውን ያመሰግናል፤ መንግሥታትም የተቀበሉትን ሳይፈጽሙ ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ደግመው ይቀበላሉ። በ2009 የተገመገመችው ሰሜን ኮሪያ ሪፖርቷ ሲጸድቅ ከቀረቡላት ምክሮች የትኛውን እንደምትቀበል እንኳ ሳትናገር ወጥታለች።

የሚደግፉት ወገኖች ደግሞ ይህንኑ ምሳሌ አገላብጠው ያዩታል፤ ሰሜን ኮሪያ መጣች ይላሉ። ኤርትራም አራት ጊዜ ቀርባለች፤ በቅርቡ በሜይ 2024። ሌላ የትኛውም የሰብአዊ መብት መድረክ መንግሥታትን ሁሉ ያለ ልዩነት በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ አያናግራቸውም። የሚመጡትም በትክክል ጥርስ ስለሌለው ነው። ኢትዮጵያ ራሷ ልዩነቱን በሥራ አሳይታለች። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2021 ስለ ኢትዮጵያ የሚመረምር ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚሽን ሲያቋቁም መንግሥት አጥብቆ ተቃወመ፣ ትብብርም ነፈገ፤ ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2023 የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ ቀረ። በዩፒአሩ ግን በአራቱም ዙር በሰዓቱ ተገኝታለች። ምርመራ አንድን አገር ለይቶ ያነጣጥራል፤ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ወንጀል ፈጻሚን ይጠቁማል። ዩፒአር ግን ለሁሉም የሚዳረስ ተራ ስለሆነ መቅረብ አያሳፍርም።

ሁለቱን ማምታታት ጉዳት አለው። ከዩፒአር ሌላ፣ አገሮች ያጸደቋቸውን ስምምነቶች የሚከታተሉ ገለልተኛ የባለሙያ ኮሚቴዎች አሉ፤ ኢትዮጵያ በ2022 በሰብአዊ መብቶች ኮሚቴው፣ በ2023 በፀረ ማሰቃየት ኮሚቴው ፊት ቀርባለች። እዚያ የሚጠይቁት ዲፕሎማቶች ሳይሆኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ ማጠቃለያቸውም ወዳጅነት አይዞርበትም። አፍሪካም በ2003 የጀመረችው የአቻ ግምገማ ሥርዓት አላት፤ እሱ ግን በፈቃደኝነት የሚገባበት ነው። ከሁሉም ደካማው ዩፒአር ነው። የሁሉም መንግሥት ፊርማ ያለበት ግን እሱ ብቻ ነው። መንግሥት የባለሙያ ኮሚቴን ወይም የመብት ድርጅትን ሪፖርት የውጭ ጫና ብሎ ሊያጣጥል ይችላል፤ ተቀብያለሁ ብሎ በጽሑፍ ያሳወቀውን ምክረ ሐሳብ ግን በምን ያጣጥለዋል? ለፓርላማ አባል፣ ለጋዜጠኛና ለጠበቃ የሚተርፈው ይህ ነው፤ መንግሥትን በራሱ ቃል መጠየቅ። ይህን ለማድረግ ግን ሰነዱ በአገሩ ቋንቋ መገኘት፣ ጠያቂውም ሳይታሰር መጠየቅ መቻል አለበት።

የቀረ ሲኖር

ከአሜሪካ በፊት በቀጠሮዋ ያልተገኘችው እስራኤል ናት። በ2012 ምክር ቤቱ በያዘችው የፍልስጤም መሬት ላይ ስላሉ የአይሁድ ሰፈራ መንደሮች የሚያጣራ ቡድን ሲያቋቁም ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ለጃንዋሪ 2013 በተያዘላት ቀጠሮም ሳትመጣ ቀረች። ከብዙ ድርድር በኋላ በኦክቶበር 2013 ቀረበች። ያን ጊዜ ምክር ቤቱ የመረጠው መንገድ ኃይለ ቃል ሳይናገር ቀጠሮ ማሸጋገርና ማግባባት ነበር፤ በ2025 የተከተለውም ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ የአገሩ መጠን ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በ2010፣ በ2015 እና በ2020 ተገምግማለች። በ2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው ከምክር ቤቱ አባልነት ከወጡ በኋላ እንኳ የ2020ው ግምገማ አልቀረም። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ፕሬዚዳንቱ ከምክር ቤቱ ጋር ያለው ተሳትፎ እንዲቋረጥ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ዩፒአሩም አብሮ ሄደ። አስተዳደሩ የሚያቀርበው ምክንያት ምክር ቤቱ በእስራኤል ላይ ያደላል፣ የመብት ጣሾች መሸሸጊያ ነው የሚል ነው። ለዚህ ክስ መነሻ አለው፤ እስራኤልን ብቻ የሚመለከት ቋሚ አጀንዳ በምክር ቤቱ ውስጥ መኖሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ክሱ ለዩፒአር አይሠራም፤ ዩፒአር የተፈጠረው አንድን አገር ለይቶ መምታትን ለመተካት ነበርና።

በደንቡ ላይ ለዘለቄታው አልተባበርም ባለ አገር ጉዳይ ምክር ቤቱ እርምጃ ያጤናል የሚል አንቀጽ አለ። እርምጃው ምን እንደሆነ ግን አልተጻፈም፤ እስካሁንም ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። አሜሪካ በ2026ም ካልመጣች አንቀጹን ማንሣት ኃያልን አገር መጋፈጥ፣ አለማንሣት ደግሞ ለሌሎች በር መክፈት ይሆናል። የሚያሰጋውም ይህ ሁለተኛው ነው። በአዲስ አበባ፣ በካይሮ ወይም በአስመራ ያለ ባለሥልጣን ከዚህ በኋላ ለምን እቀርባለሁ ቢል መልሱ ድሮ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ይቀርባል።

ኢትዮጵያ ጠያቂ ስትሆን

በአማርኛው ክርክር ውስጥ ብዙም የማይነሣ አንድ ገጽታ አለ። ኢትዮጵያ የምትገመገመው በአምስት ዓመት አንዴ ነው፤ ማይክሮፎኑን ይዛ ሌሎችን መጠየቅ የምትችለው ግን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ወደ 14 ለሚጠጉ አገሮች ነው። ከነሱ መካከል ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች፣ ኳታርና ሊባኖስ ይገኙበታል።

በ2020 በቤይሩት አሠሪዎች ደመወዝ ያልከፈሏቸውን ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በቆንስላው ደጃፍ ጥለዋቸው የሄዱበትን ጊዜ ያልሰማ አንባቢ የለም። በጃንዋሪ 2021 ሊባኖስ ስትገመገም የከፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው አሠራር፣ እንዲቀር የጠየቁ አገሮች በርካታ ነበሩ። ሠራተኛ ላኪ አገር እዚህ መድረክ ላይ የሚመርጠው ግሥ ትርጉም አለው፤ የሠራተኞችን ሁኔታ ማሻሻላችሁን ቀጥሉ ማለትና የቤት ሠራተኞችን በሥራ ሕጋችሁ ውስጥ አካትቱ ማለት እጅግ ይራራቃሉ። እርግጥ ላኪ አገር እጁ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ ሬሚታንስ፣ ማለትም ሠራተኞቹ ወደ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ አለ፣ የሥራ ስምሪት ስምምነት አለ፣ በጅምላ የመመለስ ስጋትም አለ። በዚያ ላይ በ1990 የወጣውን የፍልሰተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸውን መብት የሚመለከት ስምምነት ተቀባዮቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮችም ላኪዋ ኢትዮጵያም አላጸደቁትም፤ ያላጸደቁትን አጽድቁ ብሎ መምከር ደግሞ ይከብዳል።

በዚህ ሂደት ላይ ከኤምባሲ ውጭ ያለ ሰውም የሚገባበት በር አለ። ማንኛውም ማኅበር፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱትም ቢሆን፣ ስለ ተገምጋሚው አገር ለብቻው እስከ 2,815 ቃላት፣ ከሌሎች ጋር በጋራ ደግሞ እስከ 5,630 ቃላት የሚደርስ ጽሑፍ ለተመድ የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ማስገባት ይችላል። ማስገቢያው የሚዘጋው ከግምገማው ወራት አስቀድሞ ነው፤ የዜናው ሰሞን ሲደርስ ሰነዱ ከተዘጋጀ ቆይቷል።